ሰውዬውን አጋደምከው

የሸማኔ ልጅ ነኝ። ሽሮ ሜዳ፣ መወርወሪያ ሲመላለስ እያየሁ ነው ያደግሁት። አውሮፓ ውስጥ አንድ ሙዚየም የጨርቅ ክፍሉ ሲቀጥረኝ ታዲያ "ይቺማ የቤቴ ሥራ ናት" ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቁራጭ ሰጡኝ። ከግብፅ መቃብር የወጣ፣ ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው የቀሚስ ጥለት። ሮማውያን ክላቪ የሚሉት፣ ከትከሻ ጥንድ ሆኖ የሚወርደው። መደቡ የተልባ እግር፣ ጥለቱ ወይን ጠጅ ሱፍ። ቀሚሱ ራሱ የለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአክሚም መቃብሮች ሲቆፈሩ ነጋዴዎች ጌጥ ጌጡን እየቆረጡ ሸጡ፣ ጌጥ የሌለበትን ጨርቅ ጣሉት።

ለፎቶ ሰሌዳ ላይ ላስተካክለው አጉሊ መነጽር አነሳሁ። ሱፉን ብል በበላው በኩል ድሩ፣ ሸማኔው አስቀድሞ የሚወጥረው ክር፣ ራቁቱን ቀርቷል። ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረዋል፤ ሸማኔው ሱፉ ድሩን ጥቅጥቅ አድርጎ እንዲሸፍንለት ብሎ ነው። ድሩን ከላይ ወደ ታች አቆምኩት። ጥለቱ እንደ ነጠላ ጥለት አግድም ተኛ። ኮራሁ።

አለቃዬ ገና ከበሩ ላይ፣

"ሰውዬውን እኮ አጋደምከው!" አሉ።

"የቱን ሰውዬ?"

"ለባሹን።"

"ድሩ እኮ በዚህ ነው የሚሄደው።"

"ድር አልለበሰም። ቀሚስ ነው የለበሰው።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ለነገሩ እውነታቸውን ነው። የዚያ ዘመን ቀሚስ ከአንዱ እጅጌ ተጀምሮ ወደ ሌላው ነው የሚሸመነው። ከሽመና ዕቃው ወርዶ ሲዞር አግድም የገባው ጥለት ይቆማል። የፊትና የኋላው ቁመት ተደምሮ የሸማው ወርድ ነው ማለት ነው። የሸማኔ ልጅ ይህን አያውቅም ነበር።

ማታ ለአባዬ ፎቶውን ልኬ ደወልኩ፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"ወርዱ ከ2 ሜትር በላይ?" አለ። "ስንት ሰው ሆነው ነው የሚወረውሩት?"

የአለቃዬ ነገር ጨርሶ አልገረመውም። እኔ ግን ስላልለቀቀኝ ደግሜ ጠየቅሁት።

"ሸማኔ ሲያየው እንዳንተ ነው፣ ለባሽ ሲያየው እንደሳቸው" አለኝ። "ደሞዝህን የሚከፍልህ የትኛው ነው?"

ቁራጩን አቆምኩት።

ከ2 ዓመት በኋላ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። አለቃዬ እንግዶቹን ይዘው እዚያው ጥለት ፊት ቆሙ። "አሁን" አሉ ፈገግ ብለው፣ "ሸማኔው እንዳየው ለማየት አንገታችሁን ወደ ጎን ዘንበል አድርጉ።" ሁሉም ዘንበል አሉ። አንዷማ አጨበጨበች።

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። አንገቴን አላዘነበልኩም።