ካልሲ ያጠለቀው ግራ እጄ

ለገጣፎ ልብስ ስሰፋ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መቀስ የምይዘው በቀኜ ነው። መስቀል ያለፈ ሰሞን አንድ ጠዋት ከአልጋ ልነሳ ስል ቀኝ እጄ አብሮኝ አልተነሳም። አፌም ተጣሟል። ጎረቤት «ምች ነው» አለ፤ አክስቴ «ጸበል ይሂድ» አለች። ልጄ ግን ማንንም ሳትሰማ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ስትሮክ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒቴን «ደህና ነኝ» ብዬ ካቆምኩ ወራት አልፎኝ ነበር። ስለዚያ ብዙ አላወራም፤ እናንተ ግን ክኒናችሁን ዋጡ።

ጥር ላይ በምርኩዝ መራመድ ቻልኩ። እጄ ግን መስቀያ ላይ እንደቀረ ኮት ተንጠልጥሎ ቀረ። ትከሻዬንም ክፉኛ ያመኝ ነበር። ለካ ጥፋቱ የቤተሰብ ነው፤ ሊያነሱኝ ሲፈልጉ የሚጎትቱኝ በዚያው በደከመው ክንድ ነበር። ጡንቻው ሲላላ ትከሻ ከመጋጠሚያው ዝቅ ይላል፣ ሲጎተት ደግሞ ይብስበታል። ይህን የነገረችን ቤት ድረስ የምትመጣው ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከዚያ ወዲህ የሚደግፉኝ በወገቤ በኩል ነው፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ ቀለለኝ።

አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ሲመጣ አንድ ዕቃ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ አንጎል ያነቃቃል» አለኝ። ስልክ የሚያክል ሳጥን ነው። ሁለት ሽቦ ይወጣዋል፣ ጫፋቸው ላይ ስፖንጅ አለ። ባለቤቴ አየችውና «አንተ፣ የቀረህን አንጎል ልትጠብሰው ነው?» አለች። በባትሪ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ቢያንስ መብራት ኃይልን አንለምንም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ዕቃውን አልናቀችም፣ አልተደነቀችበትምም። በመጀመሪያ ጥያቄ አወረደችብኝ። የሚጥል በሽታ አለብዎት? ጭንቅላትዎ ውስጥ ብረት አለ? የራስ ቅልዎ ተከፍቶ ያውቃል? ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ አለ? ከዚያ ሐኪሜን አማከረች። እሱ «ይሁን» ካለ በኋላ ነው የጀመርነው። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራው ክፍል ስለሆነ አንዱ ስፖንጅ በጨው ውኃ ርሶ አናቴ ላይ ወደ ግራ ተቀመጠ፣ ሌላው ከቀኝ ቅንድቤ በላይ። 2 ሚሊአምፔር፣ ለ20 ደቂቃ። መጀመሪያ ያሳክካል፣ ጉንዳን የሚሄድብህ ይመስላል። ቆየት ሲል ይረሳል።

መጀመሪያ አካባቢ ስፖንጁን አስሬ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ኳስ አይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደረሰችብኝ።

«ጋሼ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉ መሰለዎት እንዴ?»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ያ ደካማ ኤሌክትሪክ በራሱ እጅ አያንቀሳቅስም። የአንጎል ሴሎች ለሥራ ትንሽ ፈጠን እንዲሉ ያደርጋል ነው የሚባለው። ሥራው ከሌለ ፈጠን ብለው ምን ይሠራሉ? ሦስቱ ቀን ተሰረዘና ከአንድ ብለን ጀመርን፤ አሥር ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት።

ከዚያ ካልሲው መጣ። ጤነኛው ግራ እጄ ላይ ወፍራም የክረምት ካልሲ አጥልቃ አሰረችልኝ። ዘዴው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የኤድዋርድ ታውብ ነው። የደከመው እጅ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው መሞከሩን ይተዋል፤ ደህናው ሁሉን ስለሚሠራለት ጭራሽ ይሰንፋል። ደህናውን ስታስረው ሰነፉ ምርጫ ያጣል። በ2006 ውጤቱ በታተመ ትልቅ ጥናት 222 የስትሮክ ሕመምተኞች ተካፍለው፣ ለሁለት ሳምንት እንዲህ የተለማመዱት ከሌሎቹ በልጠው ታይተዋል። ለሁሉም ግን አይሆንም። አንጓና ጣት ትንሽም ቢሆን መቃናት መቻል አለባቸው። የኔ ለትንሽ ነው ያለፉት።

ልምምዱ ምስር መልቀም ነበር። ትሪ ላይ ምስር ይዘረጋል፣ እኔ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አንዷን አንስቼ ሲኒ ውስጥ እጥላለሁ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ጣቶቼ ለመያዝ ይዘጋሉ፣ ለመልቀቅ ግን አይከፈቱም። ምስሯ ሲኒው አፍ ላይ ትደርስና ጣቴ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። ላብ ያጠምቀኛል። በመጀመሪያው ቀን በ20 ደቂቃ ሰባት ፍሬ ለቀምኩ። ልጄ «አባዬ፣ በዚህ አያያዝህ ወጡ ለፋሲካ ይደርሳል» አለችኝ።

እንጀራውም እንዲሁ ነው፤ በቀኝህ ቁረስ፣ ጠቅልል፣ አፍህ አድርስ። ሽሮ ደረቴ ላይ ያልፈሰሰበት ቀን የለም። እንግዳ ሲመጣ ካልሲውን አውልቄ የምደብቅበት ጊዜ ነበር። ያ ጥፋቴ ነው።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። በስድስተኛው ቀን ጎበዝ ልሁን ብዬ ሳላርፍ አራት ሰዓት ሠራሁ። ማታ እጄ እንደ ቡጢ ተጨብጦ አልፈታ አለ። ከዚያ በኋላ አሥር ደቂቃ ሥራ፣ ሁለት ደቂቃ እረፍት ሆነ። በጣም የሚቀናኝ ጠዋት፣ ቡና ከጠጣሁ በኋላ ነው።

በአሥረኛው ቀን በ20 ደቂቃ አርባ ሦስት ምስር ለቀምኩ። የእህቴ ልጅ በስልክ ሲሰማ «አላልኩህም? ማሽኑ!» አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሳቀች። አሜሪካ ውስጥ በ129 ሰዎች ላይ ከኔ ጋር የሚመሳሰል ሙከራ ተሠርቷል አለች። ሁሉም ደህና እጃቸው ታስሮ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ። አንዱ ቡድን 2 ሚሊአምፔር፣ ሌላው 4፣ ሦስተኛው የማስመሰያ ኤሌክትሪክ ተደረገለት። እጅ በሦስቱም ቡድን ተሻሻለ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ብልጫ አላመጣም።

«ታዲያ ማሽኑን ለምን አልከለከልሽኝም?» አልኳት።

«ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ጉዳት አላየሁበትም። ደግሞ እሱ ባይኖር ካልሲውን ያጠልቁ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው፤ ማሽን ካልታሰረልኝ ሁለት ሰዓት ምስር የምለቅም ሰው አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ግን አልተረታም። በ2021 አሜሪካ ፈቃድ ያገኘ ሌላ መሣሪያ አለ አለኝ፤ ደረት ላይ ተተክሎ በአንገት በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ልክ እጅ ሲንቀሳቀስ የሚያነቃቃ። ያ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። ባለቤቴ ስልኩን ነጥቃ «አመሰግናለሁ፣ ደህና እደር» ብላ ዘጋችበት።

የፋሲካ ዕለት በቀኜ አጎረስኳት። ግማሹ ዶሮ ወጥ ነጠላዋ ላይ ቀረ። «ለነጠላዬም ደረሰው» አለች። መቀሱን ገና ነኝ፤ የሚቆርጥልኝ ተለማማጁ ልጅ ነው። ጠመኔ ግን ይዣለሁ፤ መስመሩ ትንሽ ይጣመማል፣ ልጁ እያቃና ይቆርጠዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤት ለእናቱ ማሽኑን ሊዋስ መጣ። የፊዚዮቴራፒስቷን ስልክና አንድ እግር ካልሲ ሰጥቼ ሸኘሁት።