ፒያሳ የሚሸጠው የድሮ ቤት

ዛሬ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሸጥ አንድ የድሮ ቤት አየሁ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የተሠራ ነው። ኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ይሄ ቤት ቆሞ ነበር። ጃንሆይም ያኔ እዚሁ ከተማ ነበሩ።

የድንጋዩ ግድግዳ ክንድ ሙሉ ይወፍራል። የደሴ ብርድ በዚያ አያልፍም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። መስኮቱን ስትከፍቱት የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ነው። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ደላላው ግን ስለ ቤቱ ምንም አላለም። "ዋናው ቦታው ነው፤ አፍርሰህ ፎቅ ትሠራበታለህ" ይለኛል ደጋግሞ። መሬት ከ1967 ወዲህ አይሸጥም። በወረቀት የሚሸጠው ቤቱ ነው። የሚፈርሰውም እሱው! ከልቤ አዘንኩ።

ባለቤቷ እማማ ቡና አቀረቡልኝ። ዋጋው ከአቅሜ በላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። "አብሽር ልጄ" አሉኝ፤ "ብቻ የሚኖርበት ሰው ይምጣ እንጂ ዋጋው ላይ እንነጋገራለን።"

አቅሙ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አስቡበት። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ እኮ ነው የደሴ ሙዚየም የሆነው። የድሮ ቤት ታድሶ ይኖርበታል፣ ይሠራበታል። ቆርቆሮውን ቀይሩ። መብራትና ውሃውን እንደ አዲስ አዘርጉ። ግድግዳውን ግን አትንኩት።

ከልቡ የፈለገ ኢንቦክስ ያድርገኝ። ከእማማ ጋር በቀጥታ አገናኛለሁ፤ የድለላ አልቀበልም።