የደንገል ሮኬቶቻችን እስካሁን የደረሱበት

ከስካውት ልጆች ጋር የላስቲክ ሮኬት ለመሥራት ላሰባችሁ፣ እኛ ባሕር ዳር ላይ የደረስንበትን ላካፍላችሁ። ስሟ ሮኬት ይባል እንጂ እሳት የሚባል ነገር የላትም። በተወጠረ ናይለን ክር ላይ ትንጠለጠላለች። ውስጧ የተጠመዘዘው ላስቲክ ከኋላ ያለውን ፕሮፔለር፣ ማለትም እንደ ቬንቲሌተር የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ያዞርና ክሩን ይዛ ትሮጣለች። አሜሪካ ያሉ ትንንሽ ስካውቶች ‹ስፔስ ደርቢ› ብለው 30 ሜትር ገደማ በሆነ ክር ላይ ያወዳድሯታል።

እዚያ አካሏ የሚጠረበው ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ነው። እኛ ባልሳ ከየት እናመጣለን? ጣና ዳር ግን ደንገል ሞልቷል። ታንኳ ሠሪዎቹ የሚያስሩትን ደረቅ ደንገል አንዴ ብድግ ያደረገ ሰው ቅለቱ ይገርመዋል። ወፈር ያለውን ለሁለት ሰንጥቀን ውስጡን በማንኪያ እንፈለፍላለን። ብቻውን ግን አይችልም። ላስቲኩ ሲጠነጥን ሁለቱን ጫፍ ወደ መሃል ስለሚስብ ደንገሉ ወገቡ ላይ ይታጠፋል። ስለዚህ ጉልበቱን የሚሸከመው ውስጥ የገባ የቀርከሃ ስንጥር ነው። ደንገሉ ልብስ ብቻ ነው።

ፕሮፔለሩ ከሃይላንድ ይወጣል። ክንፉን ከጠርሙሱ ቁመት ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን 15 ዲግሪ ያህል አጋድላችሁ ቁረጡት፤ የጠርሙሱ ክብነት ራሱ ጥምዝ ይሰጠዋል። ሁለቱ ክንፎች እርስ በርስ ካልተስማሙ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። ፕሮፔለሩና አካሉ እንዳይፋተጉ መሃላቸው አንድ ጨሌ ትገባለች። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፉን ትንሽ ሰፋ አድርጉት።

አሁን ወደ ላስቲኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ይዘው የሚመጡት የብስክሌት ካላማዳሪ ነው። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት መቼ ጠፍቶ! ካላማዳሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ቡቲል አየር በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ የሰጡትን ጉልበት ግን ብዙውን በሙቀት ያስቀረዋል። ተራው የብር ማሰሪያ ላስቲክ በብዙ ይሻላል። ከመጠንጠኑ በፊት ግሊሰሪን ቀቡት። ቫዝሊን አይሆንም፤ ከነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ ላስቲኩን ያበላሸዋል።

አጠነጣጠኑም ዘዴ አለው። አንዱ ልጅ ሮኬቷን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሌላው በእጅ መሰርሰሪያ ጫፍ ላይ በታሰረ መንጠቆ ላስቲኩን ሦስት አራት እጥፍ ይለጥጠዋል። ግማሹን ዙር እዚያው ቆሞ፣ የቀረውን ቀስ እያለ እየተጠጋ ያጠነጥናል። ሳይለጥጡ ማጠንጠን የላስቲኩን አቅም እዚያው ማስቀረት ነው። ዓይን አካባቢ ግን ቀልድ የለም፤ ላስቲክ ሲበጠስ ይጋረፋል።

ትልቁ ክርክር ውፍረት ላይ ነው። ላስቲኩን በእጥፍ ብታወፍሩት የማዞር ኃይሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ የሚችለው ዙር ግን ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፣ ቶሎም ይፈታል። አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ ወፍራሙ ተነስቶ ይበራል እንጂ መንገድ ላይ ይተኛል» አለችኝ። ልክ ናት። በአጭር ክር ወፍራሙ ያሸንፋል፣ በረጅሙ ደግሞ ቀጭኑ ይደርስበታል። ወንዶቹ እስካሁን አላመኑላትም፤ ወፍራም እንዳሰሩ ነው።

ያልጠበቅነው የቅለቷን ጣጣ ነው። ፕሮፔለሩ ወደ አንድ ጎን ሲዞር አካሏ ወደ ሌላው መዞር ይፈልጋል። በጣም ከቀለለች ራሷ ተገልብጣ ክሩ ላይ ትጠመጠማለች። መፍትሔው ሆዷ ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል ጭቃ መለጠፍና ማንጠልጠያዋን ትንሽ ማርዘም ሆነ። ክብደት ጨምረንባት ቀድማ ደረሰች፤ ልጆቹ ይሄንን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የምንወዳደረው ጠዋት ነው። ከሰዓት ከጣና የሚነሳው ነፋስ ክሩን ያወዛውዘዋል፣ ሮኬቶቹም ወደ ጎን ይዋዥቃሉ።

የቀረን ማስነሻው ነው። ሁለት ልጆች በእጃቸው ሲለቁ «ቀደምከኝ» «አልቀደምኩም» ጭቅጭቁ አያልቅም። ሁለቱንም ፕሮፔለር እኩል የሚለቅ የጣውላ በር እያሰብን ነው። የሠራችሁት ካላችሁ ፎቶውን ጣል አድርጉልን፤ በተለይ ማጠፊያው የት ጋ እንደሚገባ።