በእንግሊዝኛ ለቅሶ መድረስ

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ሲነሱም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት ይበቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን እናቱ የሞተችበት የሥራ ባልደረባ ድንኳን አይተክልም። አብዛኛውን ጊዜ ያለን አንድ ካርድ ወይም አጭር የስልክ መልእክት ስለሆነ፣ በቃሉ ላይ መጨነቅ ተገቢ ይመስለኛል።

«አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» (ስለ ሐዘንህ አዝናለሁ) የትም ቦታ አያሳፍርም። እኔ ግን «አይም ሶ ሶሪ አባውት ዩር ማም» (ስለ እናትህ በጣም አዝናለሁ) የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሟቿን ይጠራታልና። ስሟን ካወቃችሁ ደግሞ በስሟ ጥሯት። ለአለቃና ለደንበኛ «ማይ ዲፐስት ኮንዶለንስስ» (ጥልቅ ሐዘኔን እገልጻለሁ) ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» እንዳትረሳ፤ በነጠላ «ማይ ኮንዶለንስ» አይባልም። ለቅርብ ጓደኛ ግን ይህ አባባል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። አየርላንድ ውስጥ እጅ እየጨበጡ «ሶሪ ፎር ዩር ትራብል» (ስለ ደረሰብህ መከራ አዝናለሁ) ይላሉ፤ የእንግሊዝ አይሁዶች ደግሞ ለሐዘንተኛው «አይ ዊሽ ዩ ሎንግ ላይፍ» (ረጅም ዕድሜ እመኝልሃለሁ) ይሉታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከአማርኛ በቀጥታ ሲመልስ ነው። «ነፍስ ይማር» ለማለት «ሜይ ጎድ ፎርጊቭ ሂም» ከተባለ፣ ሰሚው «አባቴ ምን በደለ?» ሊል ይችላል። ቤተሰቡ አማኝ ከሆነ «ሜይ ሂ ሬስት ኢን ፒስ» (በሰላም ይረፍ)፣ ካላወቃችሁ «አይም ቲንኪንግ ኦፍ ዩ» (እያሰብኩህ ነው) በሉ። «ሺ ኢዝ ኢን ኤ ቤተር ፕሌስ» (የተሻለ ቦታ ናት) የሚለውን ሐዘንተኛው ራሱ ካልጀመረው አትጀምሩት። «አት ሊስት» ብሎ የሚነሳ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይቅር፤ «ቢያንስ ብዙ ኖራለች» ማለት ሐዘኑን ማሳነስ ነው። እኛ «ምን አሟቸው ነበር?» ማለታችን ወግ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሀው ዲድ ሂ ዳይ?» ግን ምርመራ ይመስላል። «ፓስድ አዌይ» (አረፈች) ወይስ «ዳይድ» (ሞተች) ለሚለው፣ ሐዘንተኛው የተናገረውን ቃል ተከተሉ።

ለካርድ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማዘናችሁ፣ ስለ ሟቿ የምታስታውሱት አንድ ነገር፣ የምትሠሩለት ነገር፣ መጨረሻ ላይ «ኖ ኒድ ቱ ሪፕላይ» (መመለስ አያስፈልግም)። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። «ሌት ሚ ኖው ኢፍ ዩ ኒድ ኤኒቲንግ» (የሚያስፈልግህ ካለ ንገረኝ) መልካም ቢመስልም፣ የመጠየቁን ሸክም በደከመው ሰው ላይ ይጥላል። «አይል ብሪንግ ዲነር ኦን ተርስዴይ» (ሐሙስ ራት አመጣለሁ) ብላችሁ ቀኑን ቁረጡ፤ ከዚያ ሐሙስ ራቱን አድርሱ።

በሞት ማስታወቂያው ላይ «ኢን ሊው ኦፍ ፍላወርስ» የሚል ካለ፣ በአበባው ፈንታ ገንዘቡን ለተጠቀሰው በጎ አድራጎት ስጡ ማለት ነው። አበባ ይዞ መሄድ የቤተሰቡን ፈቃድ መተው ይሆናል።

አብዛኞቹ እንደ እኛ አርባና ሰማንያ አያወጡም፤ ከቀብሩ በኋላ ጠያቂው ቶሎ ይቀንሳል። ስለዚህ ከወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስም አንድ ጊዜ፣ የሟቿን ስም ጠርታችሁ «አይ ዋዝ ቲንኪንግ ኦፍ ኸር ቱዴይ» (ዛሬ ሳስባት ነበር) ብላችሁ ላኩ።