«እኔ መቼ ተቆጣሁ?»

ጎንደር ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ስሠራ፣ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አዙረው የለበሱ እናት ባለ ሁለት ገጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤውን የላከው፣ ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ በመሞቱ የካሳውን ጉዳይ የያዘው ጠበቃ ነበር። እኔም ወረፋው ስላስቸኮለኝ፣ «ሜንታል አንግዊሽ» የሚለውን ሐረግ መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ፣ ከ«አንገር» ጋር አመሳስዬ፣ «እናትየዋ ለደረሰባቸው የአእምሮ ቁጣ» ብዬ ጻፍሁት።

ሳነብላቸው እዚያ ላይ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እኔ መቼ ተቆጣሁ ልጄ? በማንስ ላይ እቆጣለሁ?»

«ታዲያ እንዴት ያደርግዎታል እማማ?»

መዳፋቸውን ከጉሮሯቸው ሥር አኖሩና፣ «ሌሊት ሌሊት እዚህ ላይ ይጠብበኛል፤ ቤቱም ይጠብበኛል፤ ብወጣ ደጁም ይጠብበኛል» አሉኝ።

መዝገበ ቃላቱን ስገልጥ አፈርሁ። አንግዊሽ መነሻው «አንጉስቲያ» የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጥበት ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባውም እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ልብ በቂ ደም ሲያጣ ደረትን ጨምድዶ የሚይዘው ሕመም፣ አንጃይና፣ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አንገርም ቢሆን ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ሲመጣ ሐዘንና መከራ ማለት ነበር፤ ቁጣ የሆነው ኋላ ነው። ስለዚህ ስሕተቴ ጥቂት መቶ ዓመታት ብቻ የዘገየ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ።

«ሐዘን» ብሎ ማለፍም ቢሆን ቃሉን ያሳንሰዋል። ሐዘን ለሚለው ግሪፍ የተባለ ሌላ ቃል አለ፤ አንግዊሽ ግን ሰውን አንቆ የሚይዝ፣ በሞት ብቻ ሳይሆን የጠፋ ልጅን ወሬ በመጠበቅም የሚመጣ ሥቃይ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ «ሜንታል» ሲጨመርበት ከሕክምናና ከቀብር ወጪ ተለይቶ ካሳ ሊጠየቅበት የሚችል ጉዳት ስለሚሆን፣ «ቁጣ» ያልሁት ቃል እናትየዋ የገዛ አቤቱታቸውን ፍሬ ነገር እንዳያውቁት ያደርግ ነበር።

ገጹን እንደገና ጽፌ «ለደረሰባቸው የመንፈስ ጭንቅ» ብዬ አነበብሁላቸው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉና ሒሳቡን ሊከፍሉ የነጠላቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ።