ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለው ዝምድና

ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ

ከሳሎናችን ሶፋ ጀርባ ለአራት ወራት ተጠቅልሎ ይቆም የነበረው ፍራሽ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሄደ። ወለሉ ላይ የቀረችውን ጥቂት ሰጋቱራ ጠርጌ ከሰበሰብኩ በኋላ፣ ከነሐሴ ወር ጀምሮ በቤታችን የሆነው ነገር ሳይደበዝዝብኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። የልጁን ስም አልጽፍም። ታሪኩ የእሱ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እኔ ያየሁትንና ያደረግሁትን ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ለልጄ የመጽሐፍ መደርደሪያ ጎሮ አካባቢ ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አዝዤ ነበር። ነሐሴ 23 ቀን ልወስደው ስሄድ ዝናቡ አላስወጣ ስላለኝ ከቆርቆሮው ሥር ተጠልዬ ቆየሁ፤ በዚህ መካከል በተደረደሩት ጣውላዎች ላይ ተሰጥቶ ውሃ የሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ አየሁ። የማን እንደሆነ ብጠይቅ የሥራ ቤቱ ባለቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። መደርደሪያዬን ሲያሸው የነበረው ረዳቱ፣ የ19 ዓመቱ ልጅ፣ ሌሊት በሰጋቱራ ጆንያዎች ላይ እየተኛ ከርሟል። አሁን ግን የግቢው አከራይ ቫርኒሽና ቀለም ባለበት ቤት ሰው እንዲያድር አልፈቅድም በማለታቸው ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ማደሪያ አልነበረውም። አከራዩ ስለ እሳት የተናገሩት ስህተት ነው ለማለት አልችልም፤ ቢሆንም ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ዝናቡ እንደዚያ እየወረደ፣ ልጁ መደርደሪያዬን በላስቲክ ሲጠቀልል እያየሁ ዝም ብዬ ልሄድ አልቻልኩም።

ባለቤቴን ደውዬ አማከርኩት። ወዲያው እሺ አላለም። የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችን፤ ቤታችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ያለ ባለሁለት መኝታ ነው፤ ልጁን ደግሞ ከመዶሻው በስተቀር የምናውቅበት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ “ለሁለት ሳምንት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን” አለኝ። የእኔም ሐሳብ ከዚያ አይበልጥም ነበር። ሁለት ሳምንት ለቤት ፈላጊ በቂ ይመስለኝ የነበረው ያለ ወላጅ፣ ያለ መታወቂያና ያለ ዋስ ቤት መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ ስለማላውቅ ነው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት መጻፍ ይከብደኛል። እራት በላን፣ ፍራሹን ሳሎን አነጠፍንለት፣ ደኅና እደር ተባባልን። ከዚያ የልጄን መኝታ ቤት በር ከውጭ ቆለፍኩና ቁልፉን ይዤ ገባሁ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር የሰጠው ድምፅ በዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ እንዴት ጎልቶ እንደተሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከፍራሹ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ አይሞላም። ጠዋት ስነሣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ፣ ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ እሱም ጫማውን አድርጎ በር አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። “ቲቸር፣ እኔ የምመጣው ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለመኝታ ብቻ ቢሆንስ?” አለኝ። ማስተማሬን ከሥራ ቤቱ ባለቤት ሰምቶ ስለነበር ከዚያ በኋላም ከዚህ ሌላ መጠሪያ አልሰጠኝም።

መጠንቀቄ ስህተት ነበር ብዬ አላምንም፤ ዛሬም ሴት ልጅ ያላት እናት እንዳትጠነቀቅ አልመክርም። ጥፋቴ ጥንቃቄዬን ሳልነግረው በቁልፍ ማስረዳቴ ነው። በማግስቱ ማታ አራታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥንና ሁሉንም በግልጽ ተነጋገርን፦ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የልጄ በር ሌሊት እንደሚቆለፍና ቁልፉ ከውስጥ ከእሷ ጋር እንደሚሆን፣ እሱም የውጭው በር ቁልፍ እንደሚሰጠው። ረጋ ብሎ ካዳመጠን በኋላ “እኛ ግቢ ማታ ማታ የሚቆለፈው ከውጭ ነበር” አለ። ያደገው በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት ውስጥ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ባለቤቴ ተነሥቶ ትርፍ ቁልፉን አመጣና በእጁ አስያዘው፤ ልጁም እስኪተኛ ድረስ ከእጁ አላወረደውም።

በሕጋችን ሰው 18 ዓመት ሲሞላው አካለ መጠን አደረሰ ይባላል፤ በቤተሰብ መካከል ግን ያ ቀን ሲመጣ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ልጅ 25 ዓመት ሞልቶትም ከእናቱ ቤት ይበላል። እሱ ያደገበት ድርጅት ኃላፊነት ያበቃው በዚያ ዕድሜ ነው። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ኖሩ፤ አንደኛው ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ፣ ሌላኛው ሥራ አጣ፣ ኪራዩ ተጨመረ፣ ቤቱ ፈረሰ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ፣ ሳያማርርና ማንንም ሳይወቅስ ነበር።

በአዲስ ዓመት ዕለት ያየሁት ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን ነካው። ዶሮ ወጡ ቀርቦ ዙሪያውን ስንቀመጥ እሱ ከፊቱ ካለችው ጠርዝ አልፎ እጁን አይሰድም ነበር። በየግል ሳህን በልቶ ያደገ ልጅ ከአንድ ትሪ መብላት እንደሚከብደው አላሰብኩም ነበር። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ጠቅልሎ “በል አፍህን ክፈት” ሲለው ልጁ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ በኋላም አፍሮ ተቀበለ። ምሽት ላይ ሳህን ስናጥብ ምክንያቱን ነገረኝ። በበዓል ቀን እንግዶች በግ ይዘው ወደ ድርጅቱ ይመጡና ልጆቹን በየተራ እያጎረሱ ፎቶ ይነሡ ነበር፤ ትንሹ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊት ይደረግ ነበር። ለእሱ ጉርሻ ማለት የማያውቀው ሰው ካሜራ እያየ የሚያደርግለት ነገር ነበር። ያን ዕለት ፎቶ ልንነሣ አስበን ነበር፤ ሐሳቡን ተውነው።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ ቤት አልተገኘም። እንዲያውም ፍለጋው በትክክል አልተጀመረም ነበር፤ ምክንያቱም ደላላውም አከራዩም አስቀድመው የሚጠይቁት መታወቂያ ነው። እሱ ደግሞ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ የቀበሌ መታወቂያ የምንለውን የነዋሪነት መታወቂያ አላወጣም ነበር። መታወቂያ ለማውጣት የቤት ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቤት ለመከራየት መታወቂያ ያስፈልጋል። ለእኛ ቤተሰብ ትልቁ ስጦታ ፍራሹና እራቱ ይመስለን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለዚህ ልጅ ከሁሉ በላይ የጠቀመው በራችን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው።

ወረዳው መሸኛ ጠየቀ። መሸኛ የሚሰጠው ሰው ተመዝግቦ ከኖረበት ቦታ ነው፤ እሱ የኖረበት ድርጅት ደግሞ ቢሮውን ለውጧል፤ መዝገቡም ወዲያው አልተገኘም። በክፍለ ጊዜዎቼ መካከል ፈቃድ እየጠየቅሁ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንድ ቀን “ነገ ይመጣሉ” የተባሉት ኃላፊ በማግስቱም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ከደጅ ተመለስን። እኔ በቁጣ ስናገር እሱ ክንዴን ያዝ አድርጎ “ይተዉት ቲቸር፣ ከተቆጡ ጭራሽ አይሰጡንም” አለኝ። 19 ዓመት ሙሉ የቢሮ ደጅ እንዴት እንደሚጠና ተምሯል። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ግን ቀለለን፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ ስለሚችል እኔው መሰከርኩለት። ባለ12 አኃዙ ቁጥር በስልኩ ላይ ሲደርሰው ደጋግሞ አነበበው፤ በማግስቱ ጠዋት በቃሉ ይዞት ነበር።

መሸኛው በስድስተኛው ሳምንት ተገኘና ወረዳው ቅጹን ሰጠን። ከመስኮቱ ኋላ የነበረችው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ናት፤ ጥያቄዎቹን የምትጠይቀው ቅጹ ስለሚጠይቃት ነው። የእናት ስም ስትል ልጁ “አልተጻፈም” አላት፤ ቀና ብላ አየችውና በቦታው ሰረዝ አሰመረች። የአያት ስም ስትል ፈጥኖ መለሰ። ያ ስም በድርጅቱ ዘበኛ የነበሩ ሰው ስም መሆኑን የነገረኝ ስንመለስ ነው። ከዚያ ሠራተኛዋ ወደ እኔ ዞራ “ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለው ዝምድና?” አለችኝ።

ጎረቤቶቼም በየደረጃው ሲያገኙኝ በሌላ ቃል የጠየቁኝ ይህንኑ ነው፤ “ልጁ ምንሽ ነው?” ለአንዷ የባለቤቴ ዘመድ ነው ብያት ነበር፤ ይህን በማለቴ ዛሬም አዝናለሁ፤ እሱ ውሃ በጀሪካን ይዞ ከኋላዬ ይወጣ ነበርና ሰምቶኛል። አሁን በመስኮቱ ፊት ያሉኝ ቃላት ጥቂት ነበሩ። ልጄ አይደለም፤ ልጄ ብል እናቱ በሌለችበት ቦታዋን መውሰድ ይመስለኛል። ሠራተኛ አይደለም። ጥገኛ ማለት ሰርቶ የሚያድርን ሰው ማዋረድ ነው። ደባል የሚለው ቃል ቀረበ፤ ደባል ግን ኪራይ ይጋራል። አያቶቻችን መንገድ ላይ የመሸበትን ሰው የእግዚአብሔር እንግዳ ይሉት ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ እግሩን አጥበው ያሳድሩት ነበር። ቅጹ ላይ ግን ለዚያ ስፍራ የለውም። እኔ ስዘገይ እሱ በራሱ “ደባል ብለው ይጻፉት” አለና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “ደባል ማለት እኮ አብሮ የሚኖር ነው” ብሎ ጨመረ። እንደዚያው ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ የሚታወቅ ነው። ላጤ አንቀበልም ያሉ ነበሩ፤ ሴት ብትሆን ያሉ ነበሩ፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ በር አንከፍትም ያሉ ነበሩ። አንድ ደላላ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን እንደሚከለክልና ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ሊያንስ እንደማይገባ ብነግረው “አዋጁን ይዘሽ እዚያው ተከራይ” አለኝ። አዋጁ መኖሩ መልካም ነው፤ አቅም የሌለው ተከራይ ግን ለብቻው ቆሞ ሊጠቅሰው እንደማይችል በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ 47 ዓመቴ ነው፣ መምህር ነኝ፣ ለመከራከር ድፍረቱ አለኝ፤ ለእኔም የተሰጠኝ መልስ ይህ ነበር።

ገንዘቡን ያገኘው በዕቁብ ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት ዋስ ሆኖት ራሱን ጨምሮ 15 ሰዎች ባሉበት ዕቁብ በሳምንት 600 ብር ይጥል ጀመር፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ ዕጣው ሲወጣለት 9,000 ብር ቆጥሮ ተቀበለ። ኪራይ ባለመክፈሉ ብቻ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ያን ማታ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ 2,000 ብር ወደ ባለቤቴ ገፋ አደረገ። ባለቤቴ መልሶ ሲገፋው ልጁ ፊቱ ተለወጠ፤ የተናቀ መሰለው። በመጨረሻ የአንድ ወር የመብራትና የውሃ ክፍያ ተቀበልነው። እኔ መቀበል የለብንም ባይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ግን ደባል ተብሎ የተጻፈ ሰው እንዲህ እንዲሆን ይፈልጋል አለኝ፤ ነገሩን ከእኔ ይልቅ እሱ ተረድቶታል።

ቤቱን ያገኘነው ያለ ደላላ ነው፤ ከሥራ ቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የሚያከራዩት ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ኪራዩ በወር 4,500 ብር፣ ቅድሚያው የሁለት ወር። እማማ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዞረው “ልጅሽ ነው?” አሉኝ። በዚህ ጊዜ አልዘገየሁም። “አይደለም እማማ፤ እኛ ቤት የኖረ ልጅ ነው። ነገር ቢኖር እኔን ይጥሩኝ” አልኳቸውና ውሉ ላይ በምስክርነት ፈረምኩ፤ ስልኬንም ጻፍኩላቸው። ሲፈርም ሦስቱንም ስሞቹን፣ የዘበኛውን ስም ጭምር፣ በቀስታ ጻፈ።

ዛሬ ገብርኤል ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሽሮና በርበሬ በላስቲክ ቋጥሬ፣ አንድ ጀበና ጨምሬ፣ ከልጄ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። ክፍሉ ፍራሹንና ከትርፍራፊ ጣውላ የሠራውን አንድ ዱካ ከያዘ በኋላ ለሰው መቆሚያ ብዙም አይተርፈውም። ደፉ ላይ ቆሜ “ቤት ለእንቦሳ!” አልኩ። ዝም አለ። ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል፤ መልሱን ስላላወቀ ነበር። አዲስ ቤት የገባ ሰው ቤት እሱ ሄዶ አያውቅም፤ ማንም ይህን በፊቱ ሲል አልሰማም። “ምን ልበል ቲቸር?” አለኝ። “እንቦሳ እሰሩ በል” አልኩት። ልጄ በዚህ አልረካችም፤ እጄን ስባ ወደ ግቢው መለሰችኝና እንደ አዲስ መጣን። “ቤት ለእንቦሳ!” ስንል ከውስጥ “እንቦሳ እሰሩ!” አለን፤ ድምፁ ስለጠነከረ እማማ ከዋናው ቤት ብቅ ብለው አዩን።

እኔን ዱካው ላይ፣ ልጄን ፍራሹ ላይ አስቀመጠንና ሻይ ጣደ። ስኳር አልነበረውም፤ ስኒውን ይዞ እማማ ቤት ሄደና ተበድሮ መጣ።