ባሌ ላይ ድንኳን ስትተክሉ፦ እሳቱና አጥንቱ

ባሌ ተራሮች ለመውጣት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። ብርዱ በልብስ ይመለሳል። ተራራውን የሚጎዳው ከምግባችን ዙሪያ የሚመጣው ነው፤ የምናነደው እሳትና የምንጥለው አጥንት።

ከሐረና ጫካ ወደ ሳነቴ አምባ ስትወጡ የሚከባችሁ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው። አስታ በበጋ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እንኳ ይያያዛል። ሥሩ ያለው አፈር በበሰበሰ ቅጠል የተሞላ ስለሆነ ፍሙ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ሌላ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል። በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌ ደን ለሳምንታት ነዷል።

ብዙ ሰው እሳቱን በአፈር ሸፍኖ ይሄዳል። ይህ ማጥፋት ሳይሆን ማዳፈን ነው! እናቶቻችን እሳት እንዲያድር የሚያደርጉት እንዲሁ አይደል? በተፈቀደ የእሳት ቦታ ካነደዳችሁ፣ ውኃ አፍስሱ፣ በዱላ ገልብጡ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፤ የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት እስኪጠፋ ድረስ አትነሱ። አንድ ጀሪካን ውኃ ለዚሁ ብቻ ይቀመጥ።

እኔ ግን ጋዝ ይዛችሁ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ቡታ ጋዝ በውርጭ ይደክማል፤ ሌሊት ቆርቆሮውን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አሳድሩት። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 86 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ጋዙን ይጨርሱታል እንጂ አይበስሉም። ሽሮ፣ በሶና ቆሎ ይበቃሉ፤ ክክ ከፈለጋችሁ ቤት ቀቅላችሁ ያዙ።

አጥንቱ የባሰ ጣጣ አለው። ጥብስ የተበላበት ቦታ የመንደር ውሻ ይስባል፣ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ይዞ ሊወጣ ይችላል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ብቻውን ቢውልም ጠዋትና ማታ ከመንጋው ጋር ይገናኛል፣ ይላላሳል፤ ስለዚህ አንዱን የያዘ በሽታ ቤተሰቡን ይጨርሳል። በ1996 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ በዚህ አልቀዋል። አጥንትና ትራፊ ክዳን ባለው ባልዲ ይዛችሁ ጎባ ወይም ሮቤ አድርሱ። መቅበር አይበቃም፣ ውሻ ያወጣዋል። የራሳችሁን ውሻ ጭራሽ እንዳታመጡ።

የሳነቴን መንገድ በመኪና የምታቋርጡ ደግሞ ቀስ በሉ፤ ቀበሮው የሚያድነው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ዳር ጭምር ነው።

ሽንት ቤት በሌለበት ከውኃ 70 እርምጃ ያህል ርቃችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ መልሳችሁ ድፈኑ። ወረቀቱን በከረጢት ይዛችሁ ውረዱ እንጂ እዚያው አታቃጥሉት፤ አስታው አጠገባችሁ ነው።